ጋሼ ቀለምና ከግርጌ የሞላሁት መስመር

ያን ዓመት ዝናቡ መሄጃውን የረሳ እንግዳ ሆኖ ነበር። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወር አልፎት እንኳ ሰማዩ ጠዋት ይጠቁራል፣ ከሰዓት ይወርዳል። የማባዣ ክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ስለነበር ሲዘንብ እርስ በርስ አንሰማማም። ወረቀቱም እርጥበት ጠጥቶ እየለሰለሰ ሁለቱ ሦስቱ ተጣብቆ ማሽን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጥረን ወረቀት እንደ ልብስ እናሰጣ ነበር። ያን የተሰጣ ወረቀት በአንገቴ እየገፋሁ፣ የቀለሙንና የሰሙን ሽታ እየሳብኩ ወደ ወንበሬ ስሄድ የተሰማኝ ነገር ዛሬም አለቀቀኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የራሴ ወንበር፣ የራሴ የጽሕፈት መኪና ነበረኝ። ደስታ እንዲህ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረምና፣ ደስ ብሎኝ እንደነበር ያወቅሁት ካለፈ በኋላ ነው።

በዚያ ክፍል ሁለት ሰዎች ነበርን። እኔ ስቴንስል እቆርጣለሁ፤ የመኪናዬን ሪባን አውጥቼ፣ ሰም በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ ፊደሎቹን እየመታሁ እበሳቸዋለሁ። እሱ የበሳሁትን በማባዣው ከበሮ ላይ ያለብስና እጀታውን እያዞረ መቶም ሁለት መቶም ቅጂ ያወጣል። ፈተናው፣ ማስታወቂያው፣ የወላጆች ጥሪው፣ የተማሪዎቹ መጽሔት ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከርእሰ መምህሩ እስከ ዘበኛው ሁሉም ጋሼ ቀለም ነው የሚለው። እጁ እስከ አንጓው ጥቁር ነበር፤ ሳሙናም ነጭ ጋዝም አያስለቅቀውም። «ለሠርጌ ቀን በጓንት ነው የተሞሸርኩት» እያለ ይቀልዳል። አግብቶ እንደማያውቅ ሁላችንም እናውቃለን። ሥራ የገባሁ ሰሞን አንቱ ብለው፣ «ምን አጠፋሁብሽ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ እንዳልኩት ቀረሁ።

ፊርማ በሚጠየቅበት ቦታ ሁሉ አውራ ጣቱን ነበር የሚጫነው። «እጄ አስቀድሞ ተቀብቷል፤ እስክሪብቶ ለምን አቆሽሻለሁ?» ይላል። እንስቃለን። የስቴንስል ካርቶን ሲረከብም፣ የጠዋት መቆጣጠሪያ ላይም አውራ ጣት ነው። አንዳችንም ከቀልዱ ጀርባ አላየንም።

ጋሼ ቀለም የራሱ ወግ ነበረው። የመጀመሪያዋ ቅጂ ስትወጣ ወደ መስኮቱ ይወስድና ወደ ብርሃን ከፍ ያደርጋታል። «በይ አንቢልኝ» ይለኛል። «እኔ ቀለሙን ልይ፣ አንቺ ቃሉን እይ።» ከርእሱ ጀምሬ እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ሲያዳምጥ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ወገን ዘንበል ያደርጋል፣ ሩቅ ዘፈን እንደሚሰማ ሰው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የባለቤቱን የእጅ ጽሑፍ ከአንዲት ጥሩ ቅጂ ጋር አጣምሮ ጫፉ በሾለ ሽቦ ይወጋውና ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። ለየዓመቱ አንድ ሽቦ ነበረው። «ነገ ‘እኔ እንዲህ አላልኩም’ የሚል አይጠፋም» ይላል።

ሌላው ወጉ ባዶ ግርጌ አለመውደዱ ነበር። ርእሰ መምህሩ ነጭ የቀረ ወረቀት ሲያዩ ዳቦ የተጣለ ያህል ያማቸዋል፤ የሚቆጡት ደግሞ እሱን ነው። ስለዚህ ጽሑፉ አልቆ ግርጌው ከተረፈ፣ ሦስት ኮከብ መትቼ ከሥሩ ተረት ወይም ምክር ጣል ማድረግ የእኔ ሥራ ሆነ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደመታሁት ፈጣሪ ይወቀው። የሒሳብ መምህሩ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ፣ «ይህ እንቁላል ዛሬም አልደረሰም?» አለኝ።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ከዚህ ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከዕለታት አንድ ቀን፣ በዚያው ዝናብ፣ ከወንድሟ የመጣላትን ደብዳቤ ይዛ ላስነብብ ብላ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መጣች። እኔ እስክወጣ አላስችል ብሏት ኖሮ ወረቀቱን ዘርግታ ትክ ብላ ታየዋለች። ገልብጣ ነበር የያዘችው። የተሰበሰቡት ተማሪዎች፣ «እማማ፣ ደብዳቤው በጭንቅላቱ ቆሟል!» ብለው ሳቁ። እሷም አብራቸው ሳቀች። እኔ ግን ከምሰሶው ጀርባ ቆምኩ። ልጆቹ እስኪሄዱ ጠበቅሁ። ይህንን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ቆምኩ።

ደብዳቤውን በጥድፊያ አነበብኩላት፣ ሸኘኋት፣ ፊቴ እንደ ፍም እየነደደ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። የሚጠብቀኝ የተማሪዎቹ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ነበር። ጸሐፊው ቀጮ የምንለው፣ ነፋስ ቢነሳ ድንጋይ ኪሱ መክተት ያለበት የሚመስል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። የክፍል አለቃ ምርጫ በውጤት ይሁን ወይስ በእጅ ብልጫ በሚል፣ ትልልቅ ቃላት እየጎተተ የጻፈው ነገር ነው። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ስለዚህ ሁላችንም እንማር፤ ያልተማረውንም እናስተምር።» የልጁ ስም ከላይ፣ ከርእሱ ሥር ነበር። ከግርጌ ሦስት መስመር ያህል ቦታ ተረፈ። ለኮከቦቹ አይበቃም። እንቁላሉንም ሰልችቶኛል። ልቤ ውስጥ ደግሞ ያ ሳቅ አለ። ኮከብም ሰረዝም ሳላደርግ፣ ከልጁ ቃል ሥር ይህን መታሁ፦

«ፊደል ያልቆጠረ ሰው የአገርን ጉዳይ እንዲወስን መተው፣ ዓይነ ስውርን መሪ አስይዞ መኪና መሳፈር ነው።»

በጣም ያማረ ነገር የጻፍኩ መሰለኝ። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ፣ ትምህርቷ ገና ከላይዋ ያልደረቀ!

ጋሼ ቀለም የመጀመሪያዋን ቅጂ መስኮቱ ጋ ይዞ፣ «አንቢልኝ» አለ። እስከ ልጁ መጨረሻ አነበብኩ።

«ግርጌውንስ በምን ሞላሽው?»

አነበብኩለት። ወደ እጀታው የዘረጋው እጁ ቆመ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ሁለት መቶ ቅጂ ነው፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ።»

አዞረው። ሁለት መቶውንም አዞረው።

በማግስቱ ርእሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ ያችን መስመር ጮክ ብለው አነበቡ። «ይህን የሚያህል ሐሳብ ከዚህ ቀጭን ልጅ!» አሉ። ቀጮ ተጨበጨበለት፣ እስክሪብቶ ተሸለመ። እኔ ከመስኮቴ ሆኜ የኔ ነው ማለት ፈለግሁ። ቀጥሎ ደግሞ ደስ አለኝ፤ የተሸለመው እኔው የጻፍኩት ነዋ። እሱም የኔ አይደለም አላለም። ልጅ ለጭብጨባ ጀርባ አይሰጥም።

ሦስት ወር እንደሆነው ታምሜ አንድ ቀን ቀረሁ። ያን ቀን ርእሰ መምህሩ የማባዣው ክፍል በር ላይ በትልልቁ ጽፈው ለጥፈው ነበር፦ «ጠረጴዛ ላይ ያለው ፈተና ስህተት አለበት፤ እንዳይባዛ።» ጋሼ ቀለም ሦስት መቶ ቅጂ አባዝቶ፣ አስተካክሎ፣ አስሮ ጠበቃቸው። ሰማይና ምድር ተደበላለቀ። «አላየሁትም፣ ጌታዬ» ብቻ ነው ያለው። እኔ በማግስቱ ስገባ ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነበር፤ ልክ በዓይኑ ትይዩ፣ በሩን ለመክፈት እጁን የሚሰድበት ቦታ ላይ።

ቆሜ አየሁት። ከዚያ አውራ ጣቱ ታወሰኝ። ከዚያ «አንቢልኝ» ታወሰኝ። ከዚያ ያቺ መስመር። የወረቀቱ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው፣ በሽታሽ አለቀቀሽም?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን… ግርጌው ላይ…»

«ተዪው» አለ። ቆጣ ብሎም አይደለም። ጨርቅ አንስቶ ከበሮውን መወልወል ጀመረ። «ዝናብ ነበር፤ ብዙም አልሰማሁሽ።»

ሰምቶኛል። ቃል በቃል ነው የሰማው። ያቺን መስመር ሁለት መቶ ጊዜ በገዛ ክንዱ አዙሮ፣ በማግስቱ ጠዋት ከቤቱ ያመጣውን ዳቦ እኩል አካፍሎኛል። ሦስት ወር ሙሉ ሲያካፍለኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ ላመስግነው? ዛሬም ቃሉ የለኝም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በምሳ ሰዓት በሩን ቆልፈን ፊደል ጀመርን። እኔ ከ«ሀ» ልነሳ ስል፣ «እኔኮ አንዳንዶቹን በጠባያቸው አውቃቸዋለሁ» አለኝ። «እንዴት በጠባይ?» ብለው፣ አንድ የተበላሸ ስቴንስል ወደ መስኮቱ አነሳና በጥቁር ጣቱ አሳየኝ። ክብ ያላቸው ፊደሎች፣ እነ «መ»፣ እነ «ወ»፣ እነ «ዐ»፣ ሲመቱ መሐላቸው ተቦድሶ ይወድቅና ቀለም ይተፋሉ። «እነዚህ ለፍላፊዎቹ ናቸው» አለ። «በ»ን በእግሩ፣ «ቀ»ን በአንገቱ ይለየዋል። ስማቸውን አያውቅም እንጂ አመላቸውን ከኔ ይበልጥ ያውቅ ነበር። አሥራ ምናምን ዓመት አብረውት የኖሩ ጎረቤቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ በስም እንደሚጠራ ሰው «መ! አንቺ ነሽ ለካ!» እያለ ይስቃል። ዓመት ሳይሞላው የመጀመሪያዋን ቅጂ ራሱ ማንበብ ጀመረ። ቢሆንም «አንቢልኝ» ማለቱን አልተወም። ለምን ብለው፣ «ድምፅሽን ለምጄዋለሁ» አለኝ። ምስጢሩን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ እሱም የኔን።

ለእናቴም ላስተምርሽ ብያት ነበር። «እኔ ዕድሜዬን ቆጥሬ ጨርሻለሁ፣ ፊደሉን አንቺ ቁጠሪልኝ» አለችኝ። ያቺን መስመር ሳልነግራት ሄደች። ነፍሷን ይማር።

ዓመታት ሄዱ። ማባዣው በፎቶ ኮፒ ተተካ። ጋሼ ቀለም ጡረታ ሲወጣ፣ «እነዚያን የሽቦ ወረቀቶች አቃጥላቸው» አሉት። እሱ ግን በቆርቆሮ ሣጥን ከቶ ቤቱ ወሰዳቸው። እኔም ጊዜዬ ደርሶ ወጣሁና፣ ሥራ መፍታት ሲያስጨንቀኝ በሠፈራችን መሰብሰቢያ ቤት ከሰዓት ከሰዓት እናቶችን ፊደል ማስቆጠር ጀመርኩ። ከጋሼ ቀለም ሌላ ተማሪ አስተምሬ አላውቅም ነበር፤ ዘዴዬ ሁሉ ከእሱ የተማርኩት ነው። «ለፍላፊዎቹ» እያልኩ ነው የጀመርኩላቸው። እትዬ ይሉኛል። የመሰብሰቢያ ቤቱ ጥበቃ ሚስት፣ ምላሷ ከመቀስ የሰላ ሴት ናት፣ በሦስት ወሯ ስሟን ስትጽፍ ቤቱን በእልልታ አናጋችው።

እንግዲህ በዚህ መሐል ቀጮ ለምርጫ ተወዳደረ። አሁን እንኳ ቀጮ የሚያሰኘው ነገር አልነበረም፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። ጥሩ ሰው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ለምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያ ትምህርት ቤት የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሲያጸዳ አንድ የድሮ መጽሔት ተገኘ። የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አነሱት። በማግስቱ በየሰው ስልክ ውስጥ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን የሚቃወሙት ሰዎች አስፍተው አደባባይ ላይ ሰቀሉት። ከላይ የቀጮ ስም። ከታች የኔ መስመር።

ከሰዓት ክፍል ስገባ እናቶቹ ተነስተው ቆመዋል።

«እትዬ፣ አየሽልን?» አለች የጥበቃው ሚስት፣ ስልኩን እያወዛወዘች። «በገዛ ዓይኔ ነው ያነበብኩት! ማንም አላነበበልኝ! ፊደል ያልቆጠረ ብሎናል። ይኸው ቆጠርን! እሱ ደግሞ የሚያጣውን ድምፅ ይቁጠር!»

«የልጅ ነገር እኮ ነው» አለች አንዲት አሮጊት ከኋላ። «እኛስ በአሥራ ሰባት ዓመታችን ስንት ጉድ ተናገርን፤ ደግነቱ የሚጽፍልን አልነበረም።»

«አይ እማማ! እሾህ ከሆነ ከጥንቱም ይወጋል።»

እነሱ ይከራከራሉ፣ እኔ ጠመኔ ይዤ ቆሜአለሁ። ከሴቶቹ አንዷ፣ «እትዬ ምነው ዝም አልሽ? አንቺንም አሳዘነሽ አይደል?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። ከዚያ የበለጠ ውሸት በሕይወቴ አልተናገርኩም፤ እውነት ሆኖ ሳለ ውሸት ነበር።

ቀጮ በበኩሉ፣ «የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። ይህ ነው ያቃጠለኝ። ሰውየው ያልጻፈውን ጻፍኩ ብሎ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ እኔ የጻፍኩትን ይዤ እናቶች አስተምራለሁ። ልናገር እላለሁ፤ የጥበቃው ሚስት ስሟን የጻፈችበት ያ ቀን ትዝ ይለኛል፤ እተዋለሁ። ከእነዚያ ሴቶች ፊት ከወደቅሁ ምን ቀረኝ?

ሐሙስ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ቀለም ነው። ሣጥኑን በብብቱ ይዟል። ተቀመጠ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ከሣጥኑ የዛገ ሽቦ አወጣና የዚያን ዓመት ወረቀት አንድ በአንድ ገልጦ አንዷ ላይ ጣቱን አሳረፈ። የቀጮ የእጅ ጽሑፍ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ግን እስከ «እናስተምር» ድረስ አለ። ከዚያ በታች ባዶ ነው።

«ቀጮ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰው ይሰበስባል» አለኝ። «ልሄድ ነው። ልጁ ያልጻፈውን ተሸክሞ ሲሄድ ዝም ብዬ ማየት አልችልም። ወረቀቱ ሽቦ ላይ የተሰቀለው ለዚህ ቀን ነው።»

«ታዲያ እኔን…»

«የልጁን እስከሚያልቅበት አነባለሁ። እዚያ አቆማለሁ።» ሣጥኑን ዘጋ። «ከዚያ በታች ያለው ያንቺ ነው። ብትመጪ ትመጫለሽ፣ ብትቀሪ አልቀየምሽም።»

«ጋሼ፣ እነዚያ ሴቶች ምን ይሉኛል?»

«እኔ እንጃ። እኔ ያን ጊዜ ምን አልኩሽ?»

የደረቀ ዳቦና ሻይ አቀረብኩለት። ዳቦውን እንደ ልማዱ ለሁለት ከፈለው።

ቅዳሜ ሄድኩ። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ለመሸሽ ይመቸኛል ብዬ ነው፣ እውነቱን ልናገር። የጥበቃው ሚስትና ጓደኞቿ ፊተኛውን ረድፍ ይዘዋል። ቀጮ ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ ተናግሮ ጥያቄ አላችሁ ወይ ሲል አንድ ጥቁር እጅ ተነሳ። ያ እጅ ጡረታ ወጥቶ እንኳ አልነጣም።

ጋሼ ቀለም ወደ መድረኩ ወጣና ወረቀቱን ዘረጋ። «በዚህ ግቢ ማባዣ የማዞር ሰው ነበርኩ» አለ። «ይህ የዚህ ልጅ የእጅ ጽሑፍ ነው።» ከዚያ ጣቱን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እያስኬደ፣ ሳይቸኩል አነበበው። «…ያልተማረውንም እናስተምር» ሲደርስ ቀና አለ። «እዚህ ላይ አለቀ። እኔ የማነበው እስከዚህ ነው።»

«ታዲያ የታችኛውን ማን ጻፈው? ማሽኑ?» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሰው ሳቀ።

ጋሼ ቀለም አልዞረም። ወደ እኔ አልተመለከተም። አንዴ ቢያየኝ ኖሮ የተጠቆምኩ መስሎ ይሰማኝ ነበር። አለማየቱን ነው እስከ ዛሬ የማመሰግነው።

ተነሳሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ባዶውን ግርጌ፣ የጠፉትን ኮከቦች፣ የእናቴን ደብዳቤ፣ ምሰሶውን ሁሉ ነገርኳቸው።

የጥበቃው ሚስት ዞረች። «እትዬ? አንቺ?»

«እኔ።»

ቀጮ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «አርባ ዓመት ሙሉ የኔ ነው እያልኩ ኖሬአለሁ። አመሰግናለሁ፣ እትዬ። ግን እንደ ንጹሕ ሰው ከዚህ አልወጣም። ያን ቀን አንብቤዋለሁ። የኔ አለመሆኑን ያን ጊዜ ሳላውቅ አልቀረሁም። ተጨበጨበልኝ፣ ዝም አልኩ። የተሸለምኩበትን እንዴት አልጻፍኩትም እላለሁ?»

አዳራሹ ተንጫጫ። «ድሮ የተጻፈ አይቆጠርም!» የሚል አለ፤ «የተጻፈ ሁሉ ይቆጠራል!» የሚል አለ። የጥበቃው ሚስት ወንበሩ ላይ ወጥታ ሁሉንም ዝም አሰኘች።

«የጻፋችሁትንማ ሰማን! ማን ጻፈው የሚለውም በቃን። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መቼ ተዋችሁት? እንደዚያ ማሰቡን መቼ ነው የተዋችሁት?»

ቀጮ አሰበና፣ ወጣት ሳለ በጤና ቆጠራ ሥራ አንዲት ፊደል የማታውቅ አዋላጅ የስልሳ ቤተሰብ ልደትና ሞት ከነቀኑ በቃሏ ስትነግረው፣ እሱ ሲጽፍ እየተሳሳተ እሷ ስታርመው እንደዋለ ተናገረ። «ያን ቀን ነው» አለ። ዓይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

መልሱ ከፊቴ ቆሟል፤ ወረቀቱን እያጠፈ ነው። ግን እንዴት ልናገረው? የሰው ምስጢር ነው። አርባ ዓመት የጠበቅሁት። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ሰው የምሸሽ መሰለው።

«እሷ አትነግራችሁም» አለ ጋሼ ቀለም። «ቃል ስላለባት ነው። እኔ ልንገራችሁ። ያቺን መስመር ሁለት መቶ ጊዜ ያዞርኩ ቀን፣ እኔ አንድ ፊደል አላውቅም ነበር። ቆይቶ ይህች ልጅ አወቀች። ያወቀች ቀን ነው የተወችው። ከዚያ አስተማረችኝ። አሁን ያነበብኩላችሁም በእሷ ነው።» አውራ ጣቱን ከፍ አደረገ። «ይህ ለቀልድ አልነበረም።»

ማንም አልሳቀም። ቀስ ብሎ ወርዶ ከጎኔ መጥቶ ተቀመጠ። «ዝናብ የለም ዛሬ» አለኝ በጆሮዬ። «ሁሉንም ሰምቼሻለሁ።»

ቀጮ በዚያ ምርጫ ተሸነፈ። በወረቀቱ ምክንያት አይደለም፤ መንገዱን በገበያው በኩል አሳልፋለሁ ማለቱ ነጋዴውን አስኮርፎበት ነው። ሰኞ ከሰዓት እኔ ማንም አይመጣም ብዬ ቁልፉን ይዤ ስጠብቅ የጥበቃው ሚስት ቀድማ ደረሰች። ሌሎቹም ከኋላ ከኋላ። ገብተው ተቀመጡ። «ዛሬ ቀጥተንሻል» አለችኝ። «ሰሌዳውን አንቺ ታጸጃለሽ፤ ለአንድ ወር።» አንድ ወር ሙሉ አጸዳሁ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተቀጣሁት ቅጣት የለም።

በልጅነት የተጻፈ ለምርጫ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር ለሚለው የኔ ትምህርት አይደርስም። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ጋሼ ቀለም ሣጥኑን ሲዘጋ ያለኝን ብቻ ይዤአለሁ፦ «ወረቀቱን አታቃጥይው፤ አደባባይም አትስቀይው። ሽቦው ላይ ይቆይ። የሚጠይቅ ሲመጣ እስከሚያልቅበት ይነበብለት፤ ከዚያ ሰውየው ራሱ ይጠየቅ።»

ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ከሁለት ዓመት በፊት፣ ዝናቡ ሲያባራ ነው። ሰማንያን አልፏል። አሁን ከወንዙ ማዶ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣ የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላት የእህቱ ልጅ ቤት ነው የሚኖረው፤ ጠዋት ጠዋት በሱቋ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል ይሉኛል። ስለ ድሮ ወረቀት የሚጠይቅ ካለ እዚያ ያገኘዋል።